የረገፉት ፊደሎች

የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ከፈተና ወረቀት በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም። ትናንት ግን ከሥራ ስመለስ አንድ ባጃጅ የሙሽሮች ስም የተሰካበት ጣውላ ጭኖ አለፈኝና ያ ንዴቴ እንደ አዲስ ተቀሰቀሰ።

ገና ከመቂ እንደመጣሁ፣ አዳማ ውስጥ አንድ የማስታወቂያ ቤት ተቀጠርኩ። ጣውላ በሌዘር ማሽን መቁረጥ ያስተማሩኝ ባለቤቱ ጋሽ መስፍን ራሳቸው ናቸው። «ጣውላ በቀየርሽ ቁጥር የማሽኑን አፍ ከፍታ ለኪ» ይሉኝ ነበር። ጨረሩ ቀጥኖ እንደ ስለት የሚሰላው አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ነው፤ ጣውላው ሲወፍር ነጥቡ ይስታል፣ ጨረሩ ይሰፋል፣ ጠርዙም ይከስላል። በደንብ ቢለካ እንኳ ጨረሩ የሚበላት ቀጭን መስመር አለች። ስለዚህ በቅርጹ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ የሚሰካ ፊደል ጨረሩ የሚበላውን ያህል ተጨምሮለት ይሳላል።

ጥር ነበር፤ የሠርግ ወር። አቧራው በበር እየገባ ጉሮሮ ይከረክራል። ትዕግስት የምትባል ደንበኛ የሙሽራ እህቷን ስም፣ ከሠርጉ ኬክ በላይ እንዲሰቀል፣ ጥቁር ጣውላ ላይ ነጭ ፊደል ተሰክቶ እንዲሠራላት አዘዘች። ነጩ ጣውላ ከተለመደው ወፍሮ መጣ። ልለካ ጎንበስ ስል፣

«ተይው! ሰዓት የለም» አሉ ጋሽ መስፍን። «ጣውላ ያው ጣውላ ነው።»

«ጋሼ፣ ይሄኛው እኮ ወፍራም ነው…»

«ቁረጪ አልኩሽ!»

ቆረጥኩ። የጨመርኩት ትርፍ ለሰፋው ጨረር አልበቃም፤ ፊደሎቹ ከስለውና ቀጥነው ወጡ፤ ጉድጓዳቸው ውስጥ እንደ ልጅ ጥርስ ተነቃነቁ። እሳቸው ኮላ ቀብተው ላኩት።

ሰኞ ትዕግስት ባዶውን ጣውላ ታቅፋ መጣች።

«ኬኩ ላይ ረገፈ እኮ! አማቾቿ እየሳቁ የእህቴን ስም ከክሬም ውስጥ ለቀምን!»

ጋሽ መስፍን ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺ ናት! ስንቴ ለኪ አልኳት! ስምንተኛ ላይ የቀረች ልጅ ማሽን ላይ ማስቀመጤ! በይ፣ ይቅርታ ጠይቂ!»

አንገቴን ደፋሁ እንጂ ይቅርታ አልጠየቅኩም። ያላጠፋሁትን ጥፋት በአፌ የኔ ማድረግ አቃተኝ። ትዕግስት በትዝብት አይታኝ ወጣች።

ዛሬ ልብስ እሰፋለሁ። ትዕግስት አሁንም ገበያ ስንገናኝ ፊቷን ታዞራለች፤ ለእሷ ያንን ሠርግ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ከስድቡ ይልቅ ግን እስካሁን የሚያንገበግበኝ፣ ያን ቀን ሽርጤን ፈትቼ ስወጣ ጋሽ መስፍን በር ድረስ ተከትለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያሉኝ ነው፦

«ምን ያስኮርፍሻል? ነገ በጠዋት ግቢ። አንቺ ዝምተኛ ስለሆንሽ ነው እንጂ፣ ሌላዋንማ ደንበኛ ፊት እንዲህ አልላትም ነበር።»