ለአራተኛ ፎቅ የማይሰማ ጡሩምባ

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ጣቷን ነው። የሥራ ባልደረባዬ ሜቲ ኮምፒውተሯ ላይ «አትም» የሚለውን ልትጫን ጣቷን ትልካለች፤ ከዚያ የጋለ ብረት እንደነካ ሰው ትመልሰዋለች።

2008 ዓ.ም. ነበር። አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ካለው ቢሯችን ፊት ለፊት አንድ ሕንፃ በባሕር ዛፍ አጣና ታቅፎ ይረዝማል። እኔ ለድርጅቶች ድረ ገጽ «ስለ እኛ» የሚለውን ክፍል እጽፍ ነበርና ሥራ ፈትቼ ሕንፃው ሲያድግ እደነቃለሁ። የሜቲ ድረ ገጽ ግን አያድግም።

ድረ ገጹን ያሠራት የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እድር ነው። የጎረቤት እድር ድረ ገጽ ሊከፍት ነው ሲባል ሰምቶ ቀና፤ የአባል ሞት የሚነገርበት ገጽ ሥሪልን ብሎ ለመናት። ሜቲ የሰፈሩ ልጅ ናት። ኮንዶሚኒየሙ የቆመበት መሬት ጤፍ በነበረበት ጊዜ ያርሱት የነበሩት አባቷ አቶ ሰቦቃ፣ አሁን የዚያው እድር ጡሩምባ ነፊ ናቸው።

«እርሻው ሄደ፤ በሬዎቹ ተሸጡ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ጣቷ ለምን እንደሚመለስ ብጠይቃት። «አባዬ ሰው ፊት የሚቆምበት የቀረው ጡሩምባው ነው። ይሄ ገጽ የወጣ ዕለት ምን ይሆናል?»

ስለዚህ በሦስት የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራሞች የሙከራ ገጽ እየሠራች ታወዳድር ነበር። ወርድፕሬስ ለጀማሪ ይቀላል፤ ጁምላ አባላትን በየደረጃቸው ለመለየት ይመቻል፤ ድሩፓል ጉልበተኛ ነው፣ ባለሙያ ግን ይፈልጋል። ይህን ለማወቅ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። እሷ ልጇን የምትድር እናት የሦስት አማች ዘር እንደምታጣራ ሁሉ፣ ክረምቱን ፈጀችበት።

የእድሩ ኮሚቴም ሳያውቅ ቀን በመግፋቱ አገዛት። አብሬያት በሄድኩበት ስብሰባ «ሦስቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው» ብላ ጀመረች።

«በነጻ?» የእድሩ ዳኛ አቶ ገብረሰንበት መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ ዋሳቸው ማነው? እኛ እኮ ድስት እንኳ ያለ ዋስ አናስወጣም!»

«ዋስ የላቸውም፤ ከየአገሩ ሰው ተሰባስቦ ነው የሚሠራቸው።»

«እንደ እድር በይኛ!» አሉ ወይዘሮ የሺአረግ። «እንግዲያው ተጣልተው የሚበተኑበት ቀን አለ። ይጠና።»

ይጠና ተባለ። ሜቲ አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች። እኔም «ስለ እኛ» ብዬ ስለ ሞትና ስለ ጉርብትና የጻፍኩትን አነበብኩላቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝና ድንኳኑ ስንት ሰው እንደሚይዝ እንድጨምር ነገሩኝ።

ከስብሰባው ወጥተን ስንሄድ አቶ ሰቦቃን አንድ ብሎክ ደረጃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ አጠገብ ተቀምጠው አገኘናቸው። ሰው ሞቶ ነበር። ጡሩምባው ጭናቸው ላይ ነው።

«አባባ፣ አመመዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ ደህና ነኝ። ይሄ ጡሩምባ ለሜዳ የተሠራ ነው፣ ልጄ። ድሮ አንዴ ስነፋው ከወንዙ ማዶ መልስ ይመጣ ነበር። አሁን ሰው በሩን ዘግቶ ቴሌቪዥኑን ይከፍታል፤ አራተኛ ፎቅ ማን ይሰማል? በየበሩ ማንኳኳት ሆነ ሥራዬ።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ያ ነገርሽስ አላልቅ አለሽ? ተማርኩ ብላ አቃታት እንዳይሉሽ ብዬ ዝም አልኩ እንጂ፣ ጉልበቴ እኮ ካለቀ ቆየ።»

ሜቲ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ጡሩምባህን ትወዳለህ ብዬ ነዋ፣ አባዬ!»

«እወዳለሁ። ደረጃውን ነው የማልወደው።»

አባት ልጁን እንዳያሳፍር ደረጃ ሲወጣ፣ ልጅ አባቷን እንዳታሳፍር ስታወዳድር፣ እነሆ መስከረም ጠብቶ ነበር።

ሰኞ ዕለት ሜቲ ቢሮ ገባች፤ ማኪያቶዋ ሳይቀዘቅዝ ወርድፕሬስን መረጠች፤ ጣቷም አልተመለሰም። እኔ ነጎድጓድ ቢጤ ጠብቄ ነበር። «ታትሟል» የምትል ትንሽ ጽሑፍ ብልጭ ብላ ጠፋች።

ኮሚቴው ደስታውን አልቻለውም። እልል ከተባለ በኋላ ግን አቶ ገብረሰንበት አንድ ጥያቄ አነሡ፤ ድረ ገጹ ላይ የሞት ማስታወቂያ መውጣቱን ሕዝቡ በምን ያውቃል? ብዙ ተመከረበት። በመጨረሻ በአንድ ድምፅ ተወሰነ፤ አቶ ሰቦቃ በየበሩ እያንኳኩ «ድረ ገጹን እዩ» ይበሉ።

ሜቲ ይህን የነገረችኝ ከሥራ ስንመለስ ላምበረት፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ሳቄ መጣ፤ ፊቷን አይቼ ዋጥኩት። ባለ ተረከዝ ጫማዋ በፌስታል ተንጠልጥሏል፤ እግሯ ላይ ሸራ አድርጋለች።

«ዛሬም ሰው ሞቷል?»

«አዎ። አባዬ ታች ይነፋል፤ እኔ ፎቅ ፎቁን አንኳኳለሁ። ለኮሚቴው እንዳትነግር፣ ይጠና ይላሉ።»

«ለመሆኑ ከሦስቱ ፕሮግራሞች የትኛው ይሻላል?»

«ሊፍት ያለው» አለችኝና፣ ረዳቱ «አባዶ! አባዶ!» ወደሚልበት በሸራ ጫማዋ እየተራመደች ሄደች።