አሥራ ሁለት ክንድ፣ በማን ክንድ?

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ሰኞ ነበር። መዶሻ ይሰጡኛል ብዬ እጄን ሳፍታታ፣ አያ ደሴ አንድ ጣሳ ሙሉ የተጣመመ ምስማር ከእግሬ ሥር ዘረገፉልኝ። አያ ደሴ በመካነ ኢየሱስ ከተማና በዙሪያዋ ስማቸው የታወቀ አናጢ ናቸው። ቤት ሲከድኑ ሰው ቆሞ ያያቸዋል።

«አሥራ ሁለተኛ ጨርሰሃል አሉ?»

«አዎ፣ አያ ደሴ።»

«ፊዚክስም ተምረሃል?»

«ተምሬአለሁ።»

«እንግዲያው ምስማር ለምን እንደሚጣመም ሳታውቅ አትቀርም። አቃናው።»

ድንጋይ ላይ እያጋደምኩ እስከ ምሳ ሰዓት አቃናሁ። ከምስማሩ ይልቅ አውራ ጣቴን የመታሁበት ጊዜ ይበልጣል። ከሰዓት በኋላ ሌላ ጣሳ መጣ።

ነገሩ በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ማትሪክ ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅሁ ነበር፤ ክረምቱን ሥራ ፈትቼ ከምቀመጥ ብዬ ነው የገባሁት። ክረምት የበርና የመስኮት ወራት ነው። ጣሪያ አይወጣም፤ ጥላ ሥር ተቀምጦ መላግና መጋዝ ብቻ ነው። ያን ክረምት ሜትር ማንበብ፣ በስኳድራ ቀጥ ያለ ማዕዘን ማስመር፣ ቱንቢ መጣልና ውሃ ልክ ማየት ተማርኩ። ማዕረጋችን አጭር ነበር። ምስማር አቃኚ፣ ከዚያ ረዳት፣ ከዚያ አናጢ። ከአናጢ በላይ አያ ደሴ ብቻ ነበሩ።

መስከረም ላይ የእትዬ ጥሩወርቅን ቤት ከሣር ወደ ቆርቆሮ ለወጥን። በሕይወቴ የመጀመሪያው ጣሪያ ነው። የመጨረሻውን ምስማር መትተን እንደወረድን የክረምቱ ቅሪት ዝናብ መጣ። እትዬ ጥሩወርቅ ሮጠው ገብተው ድስቱን፣ ቅሉንና የቡና ጀበናውን ሳይቀር በሚያፈስስበት ቦታ ሁሉ ደረደሩ። ልማድ ነው፤ የሣር ክዳኑ ለዓመታት አስለምዷቸዋል። ከዚያ ቆመው ጠበቁ። እኔም አብሬ ጠበቅሁ። ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ ጠብ ያለ ነገር ግን የለም። ወደ ላይ አንጋጠጡና ሳቁ።

«እንግዲህ ይኸን ሁሉ ዕቃ ምን ላድርገው?»

እኔ ያን ቀን ነው ልቤ በአናጢነት የተያዘው። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ያለኝን ያህል በትምህርት ቤት አንድም ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በዚያው ሳምንት ውጤት መጣ። አልፌአለሁ። ባሕር ዳር ለዲፕሎማ የተመደብኩበት ደብዳቤ ተሰጠኝ።

አባቴ የደብራችን መሪጌታ ናቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ስለሆኑ እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ እላቸዋለሁ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ሁለተኛውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ጎረቤት እንዲሰማ። ያን ጊዜ ነው ጉዴን የተናገርኩት።

«የኔታ፣ እኔስ አልሄድም። ከአያ ደሴ ጋር ልሠራ ነው።»

«ምን ልትሠራ?»

«አናጢነት።»

ደብዳቤውን ወደ ፊቴ ዘረጉት። እኔም ቀድሜ ያዘጋጀሁትን ክርክር አወጣሁ። «ቅዱስ ዮሴፍም አናጢ ነበር እኮ።»

«ዮሴፍ ማትሪክ አላለፈም!» አሉ።

እናቴ ሳቋን ነጠላዋ ውስጥ ቀበረችው። የኔታ ግን አልሳቁም። ደብዳቤውን በአራት አጥፈው በዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ ከተቱት። «አልጥለውም። የምትመለስበት ቀን ይመጣል» አሉኝ።

አልረገሙኝም፣ ከቤትም አላስወጡኝም። ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር «ልጅዎ ምን ይሠራል?» ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ለጊዜው እንጨት ያያል።» ያ «ለጊዜው» አምስት ዓመት ቆየ። እኔ በዚህ መሐል ረዳት ሆንኩ፣ አናጢ ሆንኩ፣ ወገዳ ድረስ ሄጄ ቤት ከደንኩ። መኪና አልገባ ብሎ ቆርቆሮውን በሰው ትከሻ ያሻገርንበት መንገድ አለ። ከዚያ ሁሉ ስመለስ አባቴ «አናጢ ነው» እንዲሉ ብቻ እጠብቃለሁ። ሌላ ሙገሳ አልፈለግሁም። እሷኑ ነፈጉኝ።

በአምስተኛው ዓመት የራሳችን ደብር የሣር ክዳኑን በቆርቆሮ ሊለውጥ ተነሣ። ቄሰ ገበዙ፣ የደብሩን ንብረት የሚጠብቁት ካህን ናቸው፣ አያ ደሴን አስጠሩ። አያ ደሴ ጉልበታቸውን ያማቸው ነበርና መሰላሉን አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ ከታች ሆኜ እሳደባለሁ። ላይ አንተ ነህ» አሉ።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። መሐሉ ላይ ምሰሶ ይቆማል፤ ወራጆቹ ከዙሪያው ግድግዳ ተነሥተው ምሰሶው አናት ላይ ይገናኛሉ። የኔታ የጠየቁት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ዋና ዋናዎቹ ወራጆች በካህናተ ሰማይ ቁጥር ሃያ አራት ይሁኑ አሉ። ሃያ አራት ቤተሰብ እያንዳንዱ አንድ ባሕር ዛፍ ሊሰጥ ተሳለ። ቄሰ ገበዙ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ሰብስበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ካሉ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። «ርዝመቱን ንገራቸው።»

ስድስት ሜትር ማለት ነበረብኝ። ገበሬ ቤት ሜትር የለም ብዬ፣ ላቀልላቸው ብዬ፣ በሁሉም ሰው ፊት ቆሜ ተናገርኩ።

«አሥራ ሁለት ክንድ! ጫፍና ጫፉን ቆርጣችሁ፣ ልጣችሁ አምጡ።»

ግንቦት አጋማሽ ላይ የሣር ክዳኑ ወረደ፤ ታቦቱም ወደ ዕቃ ቤቱ ገባ። ወራጆቹ እየመጡ በግቢው ሣር ላይ ተደረደሩ። ሃያ አራቱ ሲሞሉ በአንድ ጫፍ አስተካክለን አሰለፍናቸውና ሌላውን ጫፍ አየሁ። ጥርሱ የወላለቀ አዛውንት አፍ ይመስላል። አንዱ ስድስት ሜትር አልፏል፤ አንዱ አምስት ከአርባ ላይ ቆሟል።

ለካ ሁሉም በየራሱ ክንድ ነው የለካው። ረጅሙ በረጅም፣ አጭሩ በአጭር። አንዱ እስከ መሐል ጣቱ ጫፍ፣ ሌላው ጡጫውን ጨብጦ። የሁሉም አጭር የቢያድጌ እንጨት ነበር፤ ቢያድጌ ደግሞ የአጥቢያው መለሎ ነው።

«አንተ፣ ይኸ ያንተ ክንድ ነው?» አልኩት።

«የሚስቴ ነው። እኔ እርሻ ላይ ነበርሁ» አለኝ፣ ምንም ሳይሸማቀቅ።

አያ ደሴ ከታች ሆነው እንደሚሳደቡ ቃል ገብተው ነበር፤ ቃላቸውን ጠበቁ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ! ኪስህ ውስጥ ያለው ሜትር ለምን ተፈጠረ?»  ጥፋቱ የእኔና የእኔ ብቻ ነው።

ቄሰ ገበዙን አጫጭሮቹን መልሰን ሌላ ይምጣ ልላቸው አልችልም። ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ እንጨት አይመለስም፤ መለስክ ማለት የሰውየውን ስለት መለስክ ማለት ነው። የቢያድጌን ሚስት ዓይን ከዚያ ወዲያ በምን ዓይኔ አያለሁ? ሰማዩ ደግሞ በምሥራቅ በኩል ጠቁሯል። ክዳን የሌለው ቤተ መቅደስ፣ ሰኔ ደጃፍ ላይ፣ የአባቴ ደብር። እውነት እላችኋለሁ፣ ያን ሰዓት ባሕር ዳር በሆንኩ ብዬ ተመኘሁ። በአምስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው።

ሣሩ ላይ ተቀምጬ ሃያ አራቱን ደጋግሜ አየሁ። ከረጃጅሞቹ ላይ የሚተርፈው ስድሳ ሳንቲም አካባቢ ነው። ለቢያድጌ የሚጎድለውም ስድሳ ነው። ሁሉንም በአጭሩ ልክ ብንቆርጣቸው ምሰሶው አናት ድረስ አይደርሱም። ግን ምሰሶው ዙሪያ የእንጨት ቀለበት ቢሠራና ወራጆቹ እሱ ላይ ቢያርፉስ? ቀለበቱንስ ከረጃጅሞቹ በሚተርፍ አሥራ ሁለት ቁራጭ ብንሠራው?

ለአያ ደሴ ነገርኳቸው። «አሥራ ሁለት ቁራጭ ገጥሞ ክብ የሚዘጋ ማን ነው? አንዱ ጣት ያህል ቢስት መጨረሻው አይገጥምም። ለሙከራ የሚሆን ትርፍ እንጨት ደግሞ የለህም» አሉ።

«በሒሳብ አወጣዋለሁ።»

እርሳሱ ጆሮዬ ላይ ነበር። ወረቀት ግን የለም። ኪሴን ስዳብስ የኔታ ከዕቃ ቤቱ ጥላ ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ተቀምጠው ሲያዩኝ ነበር። የዳዊታቸውን ማኅደር ፈቱና በአራት የታጠፈውን ደብዳቤ አወጡ።

«ጀርባው ባዶ ነው» አሉ።

 ደብዳቤውን ገልብጬ ክብ ሣልኩ፣ ለአሥራ ሁለት ከፈልኩት። የአሥራ አምስት ዲግሪውን ሳይን ከሠላሳው ተነሥቼ አወጣሁ። እያንዳንዱ ቁራጭ ሃያ ሰባት ሳንቲም፣ ሁለቱም ጫፉ በአሥራ አምስት ዲግሪ በሰያፍ የተቆረጠ። የኔታ ከኋላዬ ቆመው አዩ። ቅኔ ሲቆጥሩ እንደሚያደርጉት ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

ከስድስት ረጃጅም ሰዎች ወራጅ ሁለት ሁለት ቁራጭ ወጣ። መሬት ላይ እየገጠምን መጣን። አሥራ አንደኛው ሲገባ ሰው ሁሉ ተጠግቶ ከበበን። አሥራ ሁለተኛውን ክፍተቱ ላይ አስቀመጥኩና በመዶሻ አንዴ መታሁት። ገባ።

አያ ደሴ ጉልበታቸውን ይዘው አጎንብሰው መጋጠሚያውን በጥፍራቸው ፈተሹ። «ይኸን ስንት ዓመት ተማርከው?»

«ሦስት ዓመት ይሆናል።»

«ከምስማር ማቃናት ይሻላል» አሉ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ አሞግሰውኝ አያውቁም።

ቀለበቱን በአራት ደጋፊ ምሰሶው ላይ አሰርነው፤ ሃያ አራቱም ወራጅ አረፈበት። የአጭሩም ስለት ገባ፣ የረጅሙም ትርፍ አልተጣለም። ቢያድጌ ጣሪያውን እያሳየ «የሚስቴ ክንድ ነው ልኩን ያወጣው» እያለ አጥቢያውን ዞረ። ማንም ሊከራከረው አልቻለም።

ቆርቆሮውን መትተን ጉልላቱን ያቆምነው ሰኔ ከመግባቱ በፊት ነው። ታቦቱ ወደ መንበሩ በተመለሰ ዕለት ከጋይንት፣ ከቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ቤት፣ የየኔታ የድሮ የትምህርት ጓደኛ መጥተው ነበር። ጠበል ጠዲቅ ላይ ተቀምጠን የኔታን ጠየቋቸው።

«ያ ማትሪክ ያለፈው ልጅዎ ወዴት ደረሰ?»

የኔታ ጠላቸውን አስቀመጡና በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

«ይኸውና። አናጢ ነው» አሉ።

«ለጊዜው» የምትለዋን ጠበቅሁ። አልመጣችም። ጽዋዬን ይዤ ወደ ዛፎቹ ዞርኩ፤ ሰው ፊት ማልቀስ አልፈለግሁም።

የኔታ ደብዳቤውን መልሰው በዳዊቱ ማኅደር ውስጥ ከተቱት፣ የክቡ ሥዕል ወደ ላይ ሆኖ። ዛሬም እዚያው አለ።

አሁን ረዳት ስቀጥር መጀመሪያ የተጣመመ ምስማር እሰጠዋለሁ፣ ቀጥሎ ሜትር። ለእናንተም የምላችሁ ይኸው ነው። እንጨት ከማስቆረጣችሁ በፊት በምን እንደሚለካ ተስማሙ። ከትምህርት ወደ ሥራ ስትገቡም የተማራችሁትን ደጅ ጥላችሁ አትግቡ፤ የሚያስፈልግበት ቀን አስቀድሞ አይታወቅም።