አንድ ሳንቲ ሜትር የበለጠው ዓሣ

ጀልባዋ ላይ ስድስት ነበርን። ስም አልጽፍም፤ የነበረ ሰው ራሱን ያውቃል።

መጀመሪያ ካፒቴኑ፤ ስድሳ ዓመት የሚሆነው፣ ቀይ የሱፍ ኮፍያ ያደረገ፣ ፊቱን ንፋስ የፋቀው ስዊድናዊ። ቀጥሎ ጋሼ፤ ፊቲያ በምትባለው የከተማ ዳርቻ ሰፈር የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ። ከዚያ የጋሼ ልጅ፤ እዚሁ ስዊድን ተወልዳ ያደገች ነርስ፣ በአማርኛ ሲያናግሯት በስዊድንኛ የምትመልስ። አራተኛው አካላ የሚባለው ሰፈር የሚኖረው ታክሲ ነጂ፤ የእድራችን ጸሐፊ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ ሰው የሚያስቅ። አምስተኛው የማናውቀው ስዊድናዊ ሽማግሌ። ጀልባዋ በጋራ የምትከራይ ስለሆነች አንዱን ቦታ ለብቻው ይዞ መጣ፤ እስክንመለስም ከዐሥር ቃል በላይ አልተናገረም። ስድስተኛው እኔ ነኝ።

የጋሼ ባለቤት ካረፉ ሠላሳ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። እኔ እትዬ ነበር የምላቸው። ወደ ፋርስታ ሰፈር ከመዛወሬ በፊት ሁለት ዓመት እነሱ ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ ኖሬአለሁ። ማታ ከሥራ ስገባ ምድጃው ላይ በሳህን የተከደነ ምግብ አላጣሁም። እትዬ የዝዋይ ልጅ ነበሩ፤ ጾም በገባ ቁጥር ዓሣ ይሠራሉ። ዓሣውን ጋሼ ከሱቅ ይገዛሉ፣ በረዶ የሆነውን። እትዬ ካርቶኑን እየቀደዱ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላሉ፦ «ይኸው ሐይቁ ከሰገነታችን ሥር ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ዓሣ በእጅህ ይዘህ አልገባህም።»

ጋሼ ይስቁ ነበር። በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ግን ሰው በተሰበሰበበት፣ «ለአርባዋ የሚቀርበውን ዓሣ እኔው አጥምጄ ነው የማመጣው» አሉ። ያኔ የሳቀ ሰው የለም።

አርባው በሳምንቱ ቅዳሜ፣ በነቢያት ጾም ውስጥ ነበር የሚውለው። ከዚያ በፊት ያለችው ነጻ ቀን ይህቺ አንዷ ቅዳሜ ብቻ ነበረች። ጀልባዋን የፈለግኋት እኔ ነኝ። የዓሣ ማጥመድ ደንቡንም ፈልጌ አነበብኩ፤ ወደ አማርኛ መልሼ፣ በአንድ ገጽ አትሜ ለሦስቱም ሰጠኋቸው። በዚያ ወራት የሚጠመደው ዬዳ የሚሉት ረጅሙ፣ ጥርሳሙ ዓሣ ነው። ከአርባ ሳንቲ ሜትር ያነሰ አይወሰድም። ከሰባ አምስት የበለጠም አይወሰድም፤ ትልልቆቹ እንቁላል የሚጥሉት እናቶች ናቸውና። በሕይወት ይኑር ይሙት ወደ ውሃ ይመለሳል። ይህንን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ከሥሩ አስምሬበት ነበር።

«የዚህ አገር ዓሣም እንደኛ የመታወቂያ ቁጥር ወጣለት?» አለ ታክሲ ነጂው ወረቀቱን እያገላበጠ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣን። ፀሐይ ወጣች ማለት አይቻልም፤ ጨለማው ሳሳ ነው የሚባለው። ሼርጎርድ ወደሚሉት፣ ደሴት በደሴት ወደሆነው ባሕር ወጣን። ደሴቶቹ ጥቁር ናቸው፤ የበጋ ቤቶቹ መስኮታቸው ተዘግቷል፤ ውሃው የእጣቢ መልክ አለው። ካፒቴኑ ዘንግ ለየእጃችን ሰጠና እንዴት እንደሚወረወር አሳየን። እኔ ከስልኬ ላይ ቪዲዮ አይቼ ስለተዘጋጀሁ ለጋሼ ደግሜ አሳየኋቸው። ሥራዬንም የተማርኩት እንደዚያው ነው። ወለል ነው የማነጥፈው። ከበሩ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር የሳተ እንጨት ክፍሉ ማዶ ሲደርስ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ ሜትሬ ከኪሴ አይጠፋም። ታክሲ ነጂው «ሜትሩ» የሚለኝም ለዚሁ ነው።

አራት ሰዓት ያህል ምንም አልያዝንም። ካፒቴኑ አራት ጊዜ ቦታ ቀየረ። ጣቶቼ መጀመሪያ አመሙኝ፣ ቀጥሎ ጠፉብኝ። ጋሼ ጓንታቸውን አውልቀው ነበር፤ ክሩ በባዶ እጅ ይሻላል አሉ። ልጃቸው «ፓፓ» ብላ በስዊድንኛ ለመነቻቸው፤ ጓንቱን ወደ ኪሳቸው ከተቱት።

ታክሲ ነጂው ዝምታውን አልቻለውም። «ጋሼ፣ ለመሆኑ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም?»

«አንተ ስትበላ ኖረህ አሁን ነው የምትጠይቀኝ?»

«ዓሣ ደም የለውም፤ ስለዚህ ይበላል ባይ ነኝ።»

«እስቲ ቄሱ ፊት እንዲህ በል።»

«ቄሱ ፊትማ ሽሮ ነው የምበላው።»

ጋሼ ሳቁ። ከለቅሶው ወዲህ ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ሰዓቴን አየሁ፤ ሰባት ሰዓት ሊሆን ሃያ ጉዳይ። ሰዓቱን የማስታውሰው ወዲያው የሳቸው ዘንግ ስለጎበጠ ነው።

ማንም እንዲረዳቸው አልፈለጉም። እግራቸውን ከፍተው፣ ዘንጉን የአውቶቡስ መሪ እንደሚይዙ አድርገው ያዙት። ክሩ ሲሮጥ ይለቃሉ፣ ሲረግብ ይጠቀልላሉ። «ነይ እናቴ፣ ነይ» ይላሉ በለሆሳስ። ካፒቴኑ መረቡን ይዞ ከጎናቸው ተንበረከከ። ዓሣዋ ስትወጣ አረንጓዴ ነበረች፤ ጎኗ ላይ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች አሉ። መንጠቆው ከጉንጯ ሥር፣ በምትተነፍስበት በኩል ገብቷል። ደሟ ጀልባው ወለል ላይ ፈሰሰ፤ ከጠበቅሁት በላይ ቀይ ነበር።

«ደም የለውም ያልከው አንተ ነህ?» አሉት ጋሼ። ፊታቸው በርቷል።

ካፒቴኑ ዓሣዋን አየ፤ ጋሼን አየ። የእትዬን ነገር ልጅቷ ጠዋት ነግራው ነበር። የመለኪያ ሰሌዳው ከመቀመጫው ሥር ነበር፤ አላወጣውም። «ሰባ አምስት ትሆናለች» አለ በስዊድንኛ፣ ቀስ ብሎ። ሽማግሌው ስዊድናዊ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም። ዛሬ ነው የሚገባኝ። ያን ጊዜ የሰማሁት አንድ ቁጥር ነበር፤ ያልተለካ ቁጥር። ተንበርክኬ ሜትሬን ዘረጋሁ፤ ከአፏ ጫፍ እስከ ጭራዋ ጫፍ።

«ሰባ ስድስት» አልኩ። በስዊድንኛ ነው ያልኩት፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ።

ካፒቴኑ መረቡን አስቀመጠ። ከዚያ ትከሻውን ሰበቀ። ከተባለ በኋላ ምን ማድረግ ይችላል?

«ስንት አልክ?» አሉኝ ጋሼ።

«ሰባ ስድስት ነው ጋሼ።»

«የሚፈቀደው ስንት ነበር?» ያውቁታል። ወረቀቴ በደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው።

«ሰባ አምስት።»

«አንድ ሳንቲ ሜትር ምን ያደርጋል?» አለች ልጅቷ በስዊድንኛ። እያየችኝ ነበር፤ እኔ ግን ሜትሩን እጠቀልላለሁ።

«አንተ ልጅ፣ ሬሳም እንዲህ አይለካም» አለ ታክሲ ነጂው። ቀልድ ሊያደርገው ነበር፤ አልሆነለትም።

ጋሼ ግን አልተቆጡም። «ሕግ ከሆነ ሕግ ነው» አሉና ራሳቸው ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው አነሷት። ውሃው ውስጥ ከተቷት፤ ቀጥ ብላ እንድትቆም ትንሽ ያዟት። ሲለቋት በጎኗ ተኛች። ሆዷ ነጭ ነበር። ሞገዱ እየገፋ ወሰዳት። የባሕር ወፎች እስኪደርሱባት ድረስ ሁላችንም ቆመን አየን፤ ያን ጊዜም ዞር ያለ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ዘንግ የወረወረ ጥቂት ነው። ሽማግሌው ስዊድናዊ አንዲት የእጅ መዳፍ የምታክል፣ ደንቡ የማይነካት ሌላ ዓይነት ዓሣ ያዘና ወደ ጋሼ ዘረጋላቸው። ጋሼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑት፤ አልተቀበሉም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «በእጄ ነው ያልኳት» አሉኝ። ወደብ ስንደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ በዚያ ወር ቀኑ አጭር ነውና መሽቷል። የጀልባውን ወለል እኔ ነኝ ያጠብኩት። ካፒቴኑ ተወው አለኝ፤ አልተውኩም።

በአርባው ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ድንች ቀረበ። የሱቅ ዓሣ ይጨመር ያሉ ሴቶች ነበሩ፤ ጋሼ እምቢ አሉ። ሰው በልቶ ሲጨርስ ተነሡና «ዓሣውን ይዤው ነበር፤ ቁመቱ አለፈብኝ» አሉ። አንዳንዱ ፈገግ አለ። እኔ ጫማ ከሚወለቅበት በር አጠገብ ቆሜ ነበር። የማን ሜትር እንደለካው አልተናገሩም።

አሁንም ፊቲያ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። ምድጃው ላይ የተከደነ ሳህን የለም። ሻይ እናፈላለን፤ ስለ ጀልባዋ አናነሣም።

ባለፈው ወር ከገበያ አንድ ሙሉ ዬዳ ገዝቼ ወጥ ቤቴ ውስጥ ለካሁት። ጭራው እንዳለ፣ እንደተዘረጋ ሲለካ ስልሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር መጣ። የጭራውን ሁለት ጫፎች በጣቴ ሰብስቤ ስለካው ስልሳ ዘጠኝ ሆነ፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ጨመረ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ሰብስቦ መለካት ነው ትክክሉ የሚል አለ፤ እንዳለ ነው የሚልም አለ። እኔ ግን ከዚህ በፊት ሌላውን ነገር ማወቅ አለብኝ፤ ያን ቀን የቱን ነበር ያደረግሁት? ቀኝ እጄ ሜትሩን ይዞ ነበር። ግራ እጄ የት እንደነበረ አላስታውስም። ጣቶቼ ደንዝዘው ስለነበር ነክቼም ከሆነ አልተሰማኝም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ያን ቀን አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ ያጎደልኩትን ሙሉልኝ። ሰዓቱንም፣ የተነገረውንም ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ። አንተ የአካላው ወንድሜ ከራስጌዬ ቆመህ ነበር። አንቺም እህቴ የአባትሽን ዘንግ ይዘሽ ከጭራዋ በኩል ነበርሽ፤ በስዊድንኛም ቢሆን ጻፊልኝ። ግራ እጄን ያያችሁ ንገሩኝ። ጋሼን ግን አልጠይቅም፤ እሳቸው ያን ጊዜ የሚያዩት የዓሣዋን ፊት ነበር።