ውሃውን በቀኝሽ አድርጊው

ይህ ነገር የገጠመኝ ካቻምና፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባል ከተማ ቅጠሉ በሚረግፍበት ወቅት፣ ጉም በሸፈነው አንድ እሑድ ነው። እኔ ብዙ ነገር ይረሳኛል፤ የመኪናዬን ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩ እንኳ የሚያስታውሰኝ ባሌ ነው። ያ እሑድ ግን ከአእምሮዬ አይወጣም፤ ምክንያቱም እግሬ ረግጦት በማያውቀው አገር መንገድ ሄጄ የጠፋ ሰው ያገኘሁበት ቀን ነው።

ሥራዬ አረጋውያንን በቤታቸው መንከባከብ ነው። የምኖረው ግሪንቤልት ቢሆንም በዚያን ጊዜ የምንከባከባቸው ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ውስጥ ከልጃቸው ጋር ነበር የሚኖሩት። ክላረንስ ይባላሉ፤ የጃማይካ ሰው ናቸው። ትልቅ ሰው በስሙ መጥራት ስለሚከብደኝ "አባባ" እላቸው ነበር። አንድ ቀን ትርጉሙን ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲያ በስማቸው የጠራቸውን ሰው አልሰማ አሉ።

አባባ የዛሬው ነገር ይጠፋባቸዋል። ቁርሳቸውን በልተው አፋቸውን ሳይጠርጉ "ዛሬ ቁርስ የለም እንዴ?" ይላሉ። ያደጉበት ገጠር ግን አንዲት ድንጋይ አልጠፋችባቸውም። ስሙን አይጠሩትም፤ "ዲስትሪክት" ብቻ ነው የሚሉት፣ በዓለም ላይ ሌላ ዲስትሪክት የሌለ ይመስል። እኔ በልቤ "ወረዳው" አልኩት። መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ ጥፍራቸውን ስቆርጥ፣ እግራቸውን ቅባት ስቀባ፣ ስለ ወረዳቸው ቀስ እያሉ ያወሩልኛል። እየሰማሁ ዓይኔን ገልጬ የተኛሁ የሚመስለኝ ጊዜ ነበር።

ታች ሜዳው ላይ ጥንት የሸንኮራ አገዳ እርሻ ነበር አሉ። ያለሙት ባሮች ናቸው፤ የአባባ ቅድመ አያቶችም እዚያ ነበሩ። ነጻ ሲወጡ ሜዳውን ለጌቶቹ ትተው ማንም ወደማይፈልገው ዳገት ወጡ። ዳገቱ ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ወንዙ እንኳ አንድ ቦታ መሬት ውስጥ ገብቶ ይጠፋና ራቅ ብሎ ብቅ ይላል። እነሱ በድንጋዩ መካከል ጎጆ ቀለሱ፣ ሙዝ ተከሉ።

ሙዙን የሚወስደው መርከብ ነው። መርከቡ ወደቡ ሲደርስ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ትልቅ የባሕር ዛጎል ይነፋል። ዛጎሉ ሲነፋ ያገሩ ሰው ገጀራውን ይዞ ይወጣል፤ ሙዙን ይቆርጣል፤ እንዳይላላጥ በደረቅ የሙዝ ቅጠል ይጠቀልለዋል። ከዚያ ጨርቅ እንደ ቀለበት ጠቅልሎ አናቱ ላይ ያደርግና ጭነቱን በራሱ ተሸክሞ ወደ ባቡር ማቆሚያው ይወርዳል። ባቡሩ ሙዙን ወደብ ያደርስላቸዋል።

ማቆሚያው ላይ ተረካቢ አለ። እያንዳንዱን ሙዝ አገላብጦ ያያል። ሰንበር ካገኘበት "አይሆንም" ብሎ ወደ ጎን ይገፋዋል። አባባ ልጅ ሳሉ ይህ ሰው የእናታቸውን ጭነት ሙሉ በሙሉ መለሰው። እናታቸው ሙዙን መልሰው ጠቀለሉት። ጨርቃቸውን መልሰው አናታቸው ላይ አደረጉ፤ ሙዙን ተሸክመው ያን ሁሉ ዳገት ወጡ።

"ስንወርድ እየዘፈነች ነበር። ስንመለስ አልዘፈነችም" ይሉኛል አባባ።

እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ያለቅሳሉ። ያናድደኝ ነበር። ያገቡበት ቀን፣ ሠርተው የኖሩበት ዕድሜ ሁሉ ጠፍቶባቸው ይህቺ ብቻ ትቅር? እግዜር ይህቺንም ጨምሮ ቢያስረሳቸው ምን ነበረበት እያልኩ እንባቸውን እጠርጋለሁ።

በኋላ ሙዙን በሽታ መታው። አውሎ ነፋስም የቀረውን ጠረገው። ባቡሩ ቆመ፤ ወጣቱ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ተበተነ። አባባም ከተበተኑት አንዱ ናቸው።

መንገዱንማ እንደ ዳዊት አስደግመውኛል። "ከቤት ስትወጪ የዳቦ ፍሬ ዛፍ አለ። በዛፉ ሥር አድርገሽ ውረጂ። ድልድዩ ጋ ስትደርሺ እንዳትሻገሪ፤ ውሃውን በቀኝሽ አድርጊውና ሂጂ። ላም የምታህል ነጭ ድንጋይ ስታዪ ባቡሩ ጋ ደርሰሻል።" እኔም ደግሜ እልላቸዋለሁ። አንድ ነገር ከዘለልኩ ይቆጡኛል።

ልጃቸው ሎርና ነርስ ናት። ራቅ ብላ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው የምትሠራው፤ ያን እሑድም ተረኛ ስለነበረች እኔ ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ አባባ መጣሁ። ነጠላዬን አጥፌ ሶፋው ላይ አኖርኩት። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ለምሳቸው የምቀቅለው ጥሬ ሙዝ ነበር። ጉሙ መስኮቱን ስለዘጋው የመኪና ማቆሚያው እንኳ አይታይም።

ሩቅ ቦታ የጭነት ባቡር ጡሩምባውን ነፋ። በጉሙ ውስጥ ድምፁ ረዘመና ቀስ ብሎ ጠፋ። አባባ ቀና አሉ።

"ተነፋ እንዴ?"

"አዎ አባባ" አልኳቸው፣ የሚታጠበውን ልብስ እየሰበሰብኩ።

እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲናገር "አዎ" ማለት መልስ አይደለም፣ ጨዋነት ነው። ስንቱን ትልቅ ሰው ሳልሰማ "አዎ" እያልኩ አድጌያለሁ! አባባ ግን አዎ ከተባሉ አዎ ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ። እኔ ልብሱን ይዤ ምድር ቤት ወዳለው ማጠቢያ ወረድኩ።

ስመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ያለ እሱ ሁለት እርምጃ የማይራመዱት የብረት መደገፊያቸው፣ ዎከሩ፣ ሳሎኑ መካከል ብቻውን ቆሟል። ጃኬታቸው እንደተሰቀለ ነው። መኝታ ቤት፣ መታጠቢያ ቤት፣ የሉም። ውጪው ብርድ ነው፤ ከፎቁ ጀርባ ወንዝ አለ፤ በወንዙ ዳር ወረድ ብሎ የባቡር ሐዲድ አለ። አንዱ ቢምራቸው ሌላው አይምራቸውም ብዬ አሰብኩ።

በደረጃው በርሬ ወረድኩ። መግቢያው ላይ በጥበቃ የሚሠራው ወንድወሰን የሚባል አበሻ ነው።

"ወንዴ፣ አባባን አይተሃቸዋል?"

"ኧረ አላየሁም፣ ብሬክ ላይ ነበርኩ እኮ! በስመ አብ! ፖሊስ ኮል ላድርግ?"

"አድርግ! ለሎርናም ደውልላት!"

እየደወለ ጃኬቱን አነሳ። "ባለፈው ሲጠፉ ባስ ስቶፑ ጋ አይደል የተገኙት? ነይ፣ እዚያ ነው የሚሆኑት" አለኝ።

የአውቶቡሱ ማቆሚያ ዳገቱ ላይ ነው። ጥቂት ተከተልኩት። ከዚያ ቆምኩ። ከቤት ስወጣ ያየሁት ነገር ያን ጊዜ ነው የታወቀኝ። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ሙዙ አልነበረም። ሶፋው ላይ ነጠላዬ አልነበረም። ደረቅ የሙዝ ቅጠል ቢያጡ ነጠላዬን ወስደዋል! ሙዝ ደግሞ ወደ ላይ አይሄድም። በአባባ አገር ሙዝ ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የሚሄደው።

"ወንዴ፣ ወደ ታች ነው የሄዱት!"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ዛሬ ሙዝ የሚጫንበት ቀን ነው!"

ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። እዚያ ቤት ያለው በሽተኛ አንድ ብቻ አይደለም ሳይል አይቀርም በልቡ።

ወደ ፎቁ ጀርባ ሮጥኩ። ትልቅ ዛፍ አለ፤ የዳቦ ፍሬ አይደለም፣ ግን ዛፍ ነው። በሥሩ አድርጌ ወረድኩ። ትንሽ የእንጨት ድልድይ አለ። አልተሻገርኩም። ውሃውን በቀኜ አደረግሁት።

ከዚያ በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ የት እንደገባች እንጃ። ፎቁ የለም፣ መንገዱ የለም፣ መኪና አይሰማም። ጉምና የውሃ ድምፅ ብቻ ነው። በየእርምጃው ውሃው ውስጥ ነጭ ነገር ተኝቶ እንዳላይ እየፈራሁ አያለሁ። "እመቤቴ፣ ውሃው ውስጥ አታሳዪኝ" እላለሁ። ወዲያው ደግሞ ራሴን "ነጩ ድንጋይ የት አለ?" እያልኩ ስጠይቅ አገኘዋለሁ። የምፈልገው እዚህ ይሁን እዚያ፣ በዚያች ሰዓት ለእኔም አልተለየልኝም።

ነጭ ነገር አየሁ። ውሃው ውስጥ አይደለም፤ ከፊቴ፣ ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል። ነጠላዬ ነው። ከሥሩ አባባ ነበሩ። ጭነታቸውን በራሳቸው ተሸክመው፣ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው፣ ያለ ዎከር እንደ ጎረምሳ ይራመዳሉ። አባባ ብዬ ልጠራቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። በእንቅልፍ ልቡ የሚሄድ ሰው ከተጠራ ይደነግጣል ሲባል ሰምቻለሁ። ብጠራቸው የሚወድቁ መሰለኝና ትንፋሼን ይዤ ከኋላቸው ተከተልኩ።

መንገዱ የሚያልቀው የባቡሩ አጥር ጋ ነው። አጥሩ ሥር የሲሚንቶ ድንጋይ አለ፤ ላም ባያህል ጥጃ ያህላል። አባባ ጭነታቸውን ቀስ ብለው እሱ ላይ አሳረፉ። ዞሩና አዩኝ። ሸሚዛቸውን አስተካከሉ።

"ተረካቢው አንቺ ነሽ?"

"አዎ" አልኩ። የጠዋቱ ለጨዋነት ነበር። ይህኛው ከሆዴ ነው የወጣው።

ነጠላውን ፈታሁት። አጠቃለላቸው እንዴት ያምራል! ሙዝ ከሙዝ እንዳይነካካ በየመካከሉ አጣጥፈውበታል። አንድ በአንድ እያነሳሁ አገላበጥኩ። እሳቸው ፊቴን ያያሉ። አንደኛው ጎኑ ላይ ጠቆር ብሏል። አውራ ጣቴን አሳረፍኩበትና ወደ ጎን ሳላደርገው ከሌሎቹ ጋር መለስኩት።

"ተረክቤያለሁ" አልኳቸው።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም አባባ። አንድም የሚመለስ የለም።"

አናታቸው ላይ ያለውን የፎጣ ቀለበት አወረዱና ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ የነበረው ጭንቀት ሲለቅ በዓይኔ አየሁት።

"ለእማዬ ንገሪያት" አሉኝ።

እነግራታለሁ ብዬ አቀፍኳቸው። ሰውነታቸው በረዶ ሆኗል። ያኔ ባቡሩ መጣ፤ ከአጥሩ ወዲያ፣ በጉሙ ውስጥ፣ ማለቂያ የሌለው የጭነት ባቡር። አባባ እጃቸውን አውለበለቡለት።

ወንድወሰን ፖሊሱን አስከትሎ ሲደርስ ጃኬቱን አልብሰናቸው ከግራና ከቀኝ ደገፍናቸው። አሁን ጉልበታቸው የለም፣ እግራቸው ይጎተታል። ግን ዳገቱን ስንጀምር ቀስ ብለው መዝፈን ጀመሩ። እስከ ቤት ድረስ ዘፈኑ። እኔ እያለቀስኩ ነበር የምሄደው፤ ወንዴ ደግሞ ምን እንደሆነ ሳይገባው አብሮኝ አለቀሰ።

ሎርና ከአሌክሳንድሪያ እንዴት ነድታ እንደደረሰች አላውቅም። አባቷን ስማ ካገላበጠች በኋላ "እንዴት አገኘሽው?" አለችኝ። ነገርኳት፤ ዛፉን፣ ድልድዩን፣ ውሃውን፣ ተረካቢውን። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "እኔ ብሩክሊን ተወልጄ ስለዚያ አገር ስጠይቀው 'ድህነት ነው፣ ምን ይወራል' ነበር የሚለኝ። ለእኔ አንድም ቀን አልነገረኝም" አለች። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከእኛ ጋር መስኮቱ አጠገብ ትቀመጥ ነበር። አባባ ሲደክማቸው እኔ እቀጥልላታለሁ።

የእናታቸውን ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንስተውት አያውቁም። ረሱት ይሁን ተፈታላቸው እንጃ። ፋሲካ ሳይደርስ፣ ተኝተው ሳለ በሰላም አረፉ።

ነጠላዬ እስካሁን አለ። የጥሬ ሙዝ ወተት ጨርቅ ከነካ አይለቅም፤ ቡናማ ሆኖ ጥለቱ አጠገብ ቀርቷል። ባሌ አዲስ ግዢ ይለኛል። እኔ እሱኑ ለብሼ ነው የማስቀድሰው።

ባለፈው ክረምት አሌክሳንድሪያ ዕቃ ልገዛ ሄጄ መኪናዬን ሳቆም ስልኬ ጮኸ። ሎርና ናት፤ የአባቷን አገር ልታይ ከሄደችበት ከጃማይካ።

"ባቡር ማቆሚያው ጋ ነኝ" አለችኝ። "ሐዲዱ የለም፣ ሣር ውጦታል። ቤታችንን የሚያውቅ ሰው አጣሁ። ልመለስ ነው።"

"ቆይ! ነጭ ድንጋይ ይታይሻል?"

"አዎ። ውይ፣ ላም ታህላለች!"

"አሁን የምትወጪ ነሽና ውሃውን በግራሽ አድርጊው" አልኳት።

ዓይኔን ጨፈንኩ። እርምጃዋ ይሰማኛል፤ ውሃውም ይሰማኛል። ድልድዩ ጋ ደረስኩ ስትል እንዳትሻገሪ አልኳት። ዳገቱን ውጪ፣ ዛፉን ፈልጊ አልኳት። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"ዛፉ አለ። ከዛፉ በላይ ደረጃ አለ" አለች በመጨረሻ። "ቤቱ የለም። የድንጋይ ደረጃው ብቻ ነው የቀረው። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።"

እኛ ሰው ስንሸኝ መጨረሻ ላይ የምንጠይቀው አንድ ነገር አለ። እሱኑ ጠየቅኋት።

"ቤት ገባሽ?"

"ገባሁ" አለችኝ።

እዚያው መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ። ጋሪ የሚገፋ ሰውዬ ዞሮ አየኝ፤ ይየኝ። ጃማይካን እስከ ዛሬ አላየኋትም፤ ሰው መርቼ ቤቱ ያስገባሁት ግን እዚያ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ደስታው ያን ዕለት እንደነበረው ነው።