ውሃ የምታንጠባጥበው አውቶቡስ

አንጋፋውን መካኒካችንን ጋሽ ጆሮ የምንለው ጆሮው ትልቅ ስለሆነ አይደለም። ረጅም ካቻቢቴ ይይዝና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ "ሦስተኛው ኖዝል" ይላል። ሲፈታ የተበላሸው ናፍጣ ረጪ ሦስተኛው ኖዝል ሆኖ ይገኛል። እኔ የአውቶቡስ ዲፖው ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነኝ። እሱ ዓይኑን ሳይገልጥ ኖዝሉን ከመደርደሪያ አውርጄ እጠብቀዋለሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ተሳስተን የመለስነው ዕቃ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ የእኔ ስህተት ነበር፤ ሌላውንም ያንቺ ነው ይለኛል።

አንድ ሕግ ነበረው። ሞተር ሳይሞቅ አይናገርም ይላል። ስለዚህ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሾፌሮቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ አውቶቡሶቹ የማደሪያ አዳራሹ ውስጥ እንደቆሙ ሞተራቸው ይነሳል፤ ሃያ ደቂቃ ይሞቃሉ። የመንገዱ ጫጫታ ጆሮውን እንዳይረብሸው ትልቁ በር ይዘጋል። እሱ ካቻቢቴውን ይዞ በመሃላቸው ይዞራል።

በዚያው ሃያ ደቂቃ ሚስቱ ትጠርግ ነበር። የዲፖው ጽዳት ነበረች፣ የእኔም የልብ ጓደኛ። አውቶቡሶቹ ከወጡ በኋላ ለምን አትጠርጊም ብላት ትስቅብኝ ነበር። የሰው ባል ሚስቱን ሽርሽር ይወስዳል፣ የኔው የሚያዞረኝ አዳራሹን ነው፣ ይቅርብኝ ትያለሽ? ትለኛለች። እንዲህ እንዲህ እያልን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሄደ። ሲሉ ሰምታችሁ እንደሆነ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ባለፈው ዓመት ሞተች። ሐኪሙ ሳንባዋ ነው አለ። ታጨስ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አጭሳ አታውቅም። ሥራዋ ምን ነበር አለ፤ ጽዳት አልነው። የት ብሎ ጠየቀ፤ አውቶቡሶቹ በሚሞቁበት አዳራሽ አልነው። የሆነ ነገር ጻፈ። ጋሽ ጆሮ የሚጽፈውን እጁን ብቻ ያይ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሥራ ገባ። አላለቀሰም። ሰው ሁሉ ጠንካራ ነው አለ፤ እኔ ግን ጠንካራ ሰው አውቃለሁ፣ ይሄ ሌላ ነው። ምሳውን ጨርሶ ይበላል፤ ምን በላህ ብትሉት አያውቀውም። ቀልድ ስነግረው በቦታው ይስቃል፤ ዓይኑ ግን የለበትም። አንድ ቀን ትዕግስቴ አልቆ፣ "ምን ይሰማሃል? ንገረኝ እንጂ" አልኩት።

"ምንም አይሰማኝም" አለኝ።

ከአጠገባችን የነበሩት መካኒኮች ጋሽ ጆሮ አይሰማኝም አለ ብለው ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሳቀ። ሃያ ደቂቃውም በሩ እንደተዘጋ ቀጠለ። ስለ ሐኪሙ አላነሳብኝም፣ እኔም አላነሳሁበትም።

ዘንድሮ ዋናው መሥሪያ ቤት በሃይድሮጂን የምትሄድ አንዲት አውቶቡስ ለሁለት ወር ሙከራ ላከልን። ከማርሚታዋ ጭስ አይወጣም፤ ውሃ ብቻ ታንጠባጥባለች። ሾፌሮቹ "ውሃዋ" አሏት። ስሟን የሰማ አንድ አጣቢያችን በውሃ የምትሄድ መስሎት የቧንቧ ጎማ ይዞ መሙያዋን ሲፈልግ ተያዘ። ሳምንቱን ሙሉ መሳቂያ አደረግነው። እውነቱን ለመናገር እኔም የመጀመሪያው ቀን እንደሱ ነበር የመሰለኝ።

ነገሩ ግን የሳቅ አልነበረም። ውሃዋ ካለፈች ሌሎቹም በእሷ ዓይነት ይተካሉ፤ የናፍጣ ጥገናው ይዘጋል፤ አሥራ ስምንት መካኒክ ይበተናል። የሚወስነው አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ነበር። ሥራ አስኪያጁና ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ወጣት ኢንጂነር ትግባ ባዮች ነበሩ። የሾፌሮቹ ተወካይና እኔ አትግባ አልን። አምስተኛው ጋሽ ጆሮ ነው። አሥራ ስምንቱም መካኒኮች ባለፈ ባገደመ ቁጥር ዓይን ዓይኑን ያዩት ጀመር።

ኢንጂነሩ ሰው አክባሪና ጨዋ ልጅ ነው። በአሥር ደቂቃ ትሞላለች፣ ቀኑን ሙሉ ትሠራለች፣ ባትሪ ግን ይከብዳል፣ ለመሙላትም ሰዓታት ያስቆማል እያለ አስረዳን። የሾፌሮቹ ተወካይ ደግሞ ጋዙን ከሌላ ከተማ ጭኖ የሚያመጣው መኪና የሚጠጣው ናፍጣ አይደለም ወይ ብሎ አፋጠጠው። ጋዙን አምቆ የሚሞላው ኮምፕረሰር ሦስት ጊዜ ተበላሽቶ፣ ውሃዋ አሥራ ዘጠኝ ቀን ያለ ሥራ ቆማለች። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ብሎ ተቀመጠ።

ጋሽ ጆሮ በየስብሰባው ይሰማል፣ በደብተሩ ይጽፋል። አንድ ቀን ብቻ ተናገረ። ሃይድሮጂን ተቆፍሮ አይወጣም፣ የእኛው በመብራት ኃይል ውሃ ተሰንጥቆ ነው የሚገኘው፤ ከዚያ ይታመቃል፣ ይጓዛል፣ አውቶቡሷ ውስጥ ተመልሶ መብራት ይሆናል። ሦስት ባልዲ ቀድተን ቤት የምናደርሰው አንዱን ነው አለ። መብራቱን በቀጥታ ባትሪ ውስጥ ብንከተውስ? ብሎም ጠየቀ። ኢንጂነሩ ለአጭሩ መስመር እውነትዎን ነው፣ ለረጅሙ ግን ያከራክራል አለ። ጋሽ ጆሮ ይህንንም በደብተሩ ጻፈ።

ከውሳኔው በፊት ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃውን ከጥሩ ነው፣ አደጋዋንም እንወቀው ብሎ አሠልጣኝ አስመጣ። ግቢው ውስጥ ቀትር ላይ ከበብነው። ሃይድሮጂን አይሸትም፣ ሲነድም በፀሐይ ብርሃን ነበልባሉ አይታይም አለን። ዛሬ መለኪያ መሣሪያ አለ፤ ድሮ ግን ሠራተኞቹ መጥረጊያ ወደፊት ዘርግተው ነበር የሚሄዱት፤ መጥረጊያው ከተያያዘ እሳት አለ ማለት ነው። "እስቲ መጥረጊያ አምጡልኝ" አለ።

ሮጥኩና ከግምጃ ቤቱ በር ኋላ የቆመውን አምጥቼ ሰጠሁት። አሠልጣኙ ከያዘው የሃይድሮጂን ሲሊንደር የወጣችውን ቀጭን ቧንቧ ጫፍ ለኮሰ። ምንም አይታይም። መጥረጊያውን ሲዘረጋው ነው እጀታው ላይ የታሰረውን ሰማያዊ ጨርቅ ያየሁት። የእሷ ነበር። እጇን እንዳይልጣት የጠመጠመችው ነው፤ በሞተች ሰሞን እዚያ ያስቀመጥኩትም እኔው ነኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት መጥረጊያው ባዶ አየር ላይ ቦግ አለ።

ጋሽ ጆሮ ሄዶ ከአሠልጣኙ እጅ ተቀበለው። መሬት ላይ አድርጎ በጫማው ረገጠው፤ አልቸኮለም። ሲጠፋ አንስቶ ያዘው። በእኔ በኩል አላየም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ተቀመጠ። የተቃጠለውን መጥረጊያ ወንበሩ ላይ አስደግፎት ነበር። ተራው ሲደርስ ደብተሩን ገልጦ፣ የቆመችበትን ቀን፣ የኮምፕረሰሩን ብልሽት፣ ሦስቱን ባልዲ አነበበ። "ለእኛ መስመር አታዋጣም" አለ። የሾፌሮቹ ተወካይ ጉልበቴን በደስታ መታ መታ አደረገኝ። ሥራ አስኪያጁ መጻፍ ጀመረ።

ጋሽ ጆሮ ግን አልጨረሰም ነበር። ወደ ኢንጂነሩ ዞረ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ። ይቺ አውቶቡስ አዳራሽ ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ሃያ ደቂቃ ብትነሳ። ከኋላዋ ደግሞ አንዲት ሴት ብትጠርግ። በየቀኑ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ሴትየዋ ምን ትሆናለች?"

ልጁ እንግዳ ነው፣ የሚያውቀው ነገር የለም። ፈገግ አለ። "ጋዙ እስካላፈተለከ ድረስ እግሯ ይረጥባል እንጂ ምንም አትሆንም፣ ጋሼ።"

"እግሯ ይረጥባል" አለ ጋሽ ጆሮ። መጥረጊያውን ዳበስ አድርጎ፣ "እግሯ ሲረጥብ አትወድም ነበር" አለ።

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ ድምፅህን ትለውጣለህ ወይ ብሎ በቀስታ ጠየቀው። አልለውጥም፣ ቁጥሩ ቁጥር ነው አለ። አሥራ ስምንቱ መካኒኮች ሥራቸው ላይ ቀሩ። መጥረጊያውን ይዞ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ስደርስ የአዳራሹ ትልቅ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አውቶቡሶቹ ሁሉ ግቢው ውስጥ፣ ከመንገዱ አጥር ሥር ተደርድረው ይጮሃሉ። ጭሱን ነፋሱ ይወስደዋል። ከአጥሩ ወዲያ የጭነት መኪና ያጓራል፤ ጥሩምባው ሌላ ነው። ጋሽ ጆሮ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አንዱ ሞተር ላይ ጎንበስ ብሏል። እንደ ወትሮው ጠበቅሁት። ቆየ። ቦታ ቀይሮ እንደገና ሞከረ። በመጨረሻ ዓይኑን ገለጠ፤ ቀልቷል።

"አይሰማኝም" አለኝ።

ወደ አዳራሹ እንመልሳቸው ወይ ልለው ፈልጌ ተውኩት። "የትኛው ይመስልሃል?" አልኩት።

"ሦስተኛው ይሁን አራተኛው እንጃ።"

ግምጃ ቤት ገብቼ ለሁለቱም የሚሆን ኖዝል አውርጄለት ወጣሁ።