በሁዳዴ የተጠየቀ የቅቤ ዕዳ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት በመጋቢት አጋማሽ፣ ሰኞ ማለዳ ነው። መሥሪያ ቤታችን ኅዳር ላይ ለጥቂት የመንዝ ገበሬዎች ላም መግዣ አበድሮ ነበር፤ እኔ ጸሐፊው የመጀመሪያውን ክፍያ እንድሰበስብ ተላክሁ። ያልከፈለ ቢገኝ የዋሱን ከብት በአጥቢያ ዳኛ እንዳስይዝ ታዝዣለሁ። ሁለት ብር ከፍዬ፣ ከበርበሬ ጆንያ ጋር እየተጋፋሁ ደብረ ብርሃን ገባሁ።

ማክሰኞና ረቡዕ፣ በበቅሎ

በቅሎዋን በቀን አንድ ብር ተከራየሁ። ገደሉ፣ ውርጩ፣ ነፋሱ፣ ምኑን ልንገራችሁ! ካፖርቴ ላይ ጋቢ ደርቤ እንኳ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ያሳደሩኝ አዛውንት የገብስ እንጀራ በተልባ አቀረቡልኝና ወጥ ባለመኖሩ ይቅርታ ጠየቁ። "ጾም አይደል እንዴ!" ብዬ ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ሐሙስ፣ ዘመሮ አጠገብ

ተበዳሪዋ ወይዘሮ ብዙነሽ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ላሟ ወፍራለች፣ ጥጃዋ ይቦርቃል። ደስ ብሎኝ "እንግዲህ ክፍያውስ?" አልኩ። ከጓዳ ሁለት ማሰሮ ሙሉ ቅቤ አውጥተው ፊቴ አስቀመጡ።

"ይኸው። ማን ይግዛኝ?"

"ምነው፣ ገበያ የለም?"

"ጌታዬ፣ እርስዎ ከአዲስ አበባ እስከዚህ ሲመጡ ቅቤ የነካው ወጥ በልተዋል? አገሩ ሁሉ ሁዳዴ ላይ ነው እኮ!"

ክው አልኩ። የመክፈያውን ቀን "መጋቢት ሃያ" ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ቢሮ ተቀምጬ፣ ከኅዳር አራት ወር ቆጥሬ። ኧረ የኔ ነገር! በየዓመቱ እየጾምኩ ጾሙ ትዝ አላለኝም።

"እስከ ፋሲካ ማግስት ይቆይዎት፤ አለቃዬን እኔ እለምናለሁ" አልኳቸው።

ደስ ይላቸዋል ስል እንባቸው ዱብ አለ። "ምነው ትናንት በመጡ! ዋሴ ደምሴ፣ የባሌ ወንድም፣ ዛሬ በሬውን ገበያ ነድቶ ሄደ። ከመክፈያው ቀን በፊት ያለው ገበያ የዛሬው ብቻ ነው። ዕዳ ጠያቂ ደጄ አይቆምም ብሎ።"

በቅሎዋን እየኮለኮልኩ ገበያ ደረስኩ። አቶ ደምሴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ገመዱ እጃቸው ላይ ነው፣ በሬው የለም። ለፋሲካ ከብት የሚሰበስብ ነጋዴ ገዝቶ ወስዶታል።

"ቀኑ ተራዝሟል፤ ሰውየውን ደርሰን እናስመልሰው!" አልኳቸው።

"በርካሽ የወሰደውን በውድ ነው የሚመልስልኝ። በምን ልከፍለው?" ብለው ከጋቢያቸው ጫፍ ብሩን ፈቱ። "እንካ።"

"አልቀበልም።"

"በሬው ሄዷል፣ ልጄ። ገንዘቡን ተቀበለኝና መክፈሌን መዝገብህ ላይ ጻፍልኝ። ብዙነሽ ቅቤዋን ስትሸጥ ትሰጠኛለች።"

"እርሻውስ?"

"በቀረኝ አንድ በሬ አይታረስም። ካንድ ጎረቤት ጋር እንቀናጃለን፤ እሱ ሲጨርስ እኔ እቀጥላለሁ፣ ዝናቡ ከጠበቀኝ።"

ገንዘቡን ቆጥሬ ደረሰኙን ጻፍኩላቸው። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

አዲስ አበባ

በሳምንቱ ተመልሼ "የወይዘሮ ብዙነሽ የመጀመሪያ ክፍያ ተከፍሏል። የተከፈለው ግን የዋሱ የእርሻ በሬ ተሽጦ ነው" ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ "ጎበዝ! መንዞች ከፋይ ናቸው" አለና ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሰረዘው። ቀኑን የሳትኩት እኔ መሆኔን ብነግረው፣ "ታዲያ ምን ጎደለ? ገንዘቡ ገብቷል" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ የመክፈያ ቀን ከመጻፌ በፊት ጾሙን፣ የላሟን መውለጃና የእርሻውን ወራት እጠይቃለሁ። ለአቶ ደምሴ ግን አልደረስኩላቸውም።