ናዝሬትና የሚደገመው ምርመራ

የወር አበባዋ ሲዘገይ ናዝሬት ደስ አላላትም፤ ፈራች። ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ሥር ዳቦ የምትሸጥ፣ ቀልድ የማያልቅባት ሴት ናት፤ ግን ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ጊዜ ገና በጅምሩ ወርዶባታል። ባሏ ሚሳኤል ጅቡቲ መስመር ላይ ከባድ መኪና ስለሚነዳ፣ ቤት ያሉት አማቷ እማማ ትሩፋት ብቻ ናቸው። ለእሳቸው መናገር ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ መናገር መሰላት።

ቅዳሜ ተደብቃ ክሊኒክ ሄዳ ለምርመራ ደም ሰጠች። የእርግዝናው ሆርሞን ተገኘ፤ ቁጥሩ ግን ትንሽ ነው። ሐኪሟ በአንድ ቁጥር ብቻ ምንም ማለት እንደማይቻል፣ እርግዝናው ገና ጅምር ከሆነ ማነሱ እንደማይገርም፣ ዋናው ነገር ከሁለት ቀን በኋላ ሲደገም በደንብ መጨመሩ እንደሆነ አስረዳቻት። ናዝሬት ሰማች እንጂ አላመነችም። አብራት የምትሠራው ጫልቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ቁጥሯ ሺህ ቤት ገብቶ እንደነበር ስታወራ ሰምታለቻ፣ በየት በኩል ትረጋጋ? ጫልቱ የተመረመረችው በስንተኛው ሳምንቷ እንደሆነ መጠየቅ ትዝም አላላት።

እሁድ ከአማቷ ጋር ሀና ማርያም ደጅ ስትደርስ እግሯ ተሳሰረ። የወር አበባዋ ሲመጣ ውጭ ቆማ ነው የምታስቀድሰው። ሌሊቱን ሆዷን ሲቆርጣት ስላደረ፣ ልብሷን ለማየት እንኳ ፈርታለች። እማማ ትሩፋት አዩዋትና ሳይገቡ አጠገቧ ቆሙ። ያኔ እንባዋ መጣና ሁሉንም ዘረገፈችላቸው። ለካ እሳቸው ባለፈው እሁድ ውጭ መቆም በነበረባት ቀን አብራቸው ስትገባ ገብቷቸው ኖሯል፤ ለማንም ግን አልተነፈሱም። ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ አሏት።

ሰኞ እንደገና ደም ሰጥታ ሐኪሟ ፊት ተቀመጠች። ቁጥሩ ከእጥፍ በልጧል። ሐኪሟ ጭማሪው ጥሩ መሆኑን፣ እርግጡ ግን ወደፊት በአልትራሳውንድ እንደሚታይ፣ ደም ካየች ወይም ሕመሙ ከበረታባት ሳትውል ሳታድር እንድትመጣ ነገረቻት።

ናዝሬት ወጥታ አማቷ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። የጠበቀችው ደስታ ነበር፤ የመጣባት ግን የባሰ ፍርሃት ነው። እስከ ትናንት የምትፈራው ቁጥር ነበር፤ አሁን ልታጣው የምትችል ልጅ አላት።

«እማማ፣ ይሄ ፍርሃት መቼ ነው የሚለቀኝ?»

እማማ ትሩፋት ስልካቸውን አውጥተው ሚሳኤል ጋ እየደወሉ ነበር።

«እኔ እንጃ ልጄ» አሏት። «እኔን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ማታ ሳይደውል ቀርቶ ዓይኔን ሳልከድን ነው ያደርኩት።»